ይቆይ የተባለው ውሻ

ሥራዋ መተኮስ ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ «ተኳሿ» ይላታል። ስሙን የሰማ ሰው ጠመንጃ ይፈልግ ይሆናል እንጂ እሷስ የወደቀች ወፍ ስታይ ፊቷን የምታዞር ሴት ናት። የምትተኩሰው አንሶላ ነው። ሆቴሎችና ክሊኒኮች የቆሸሸ አንሶላቸውን በጆንያ እየጫኑ በሚልኩበት አንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ከእንፋሎቱ ማሽን ፊት ሃያ ሁለት ዓመት ቆማለች። አንሶላው በአንድ በኩል እርጥብና ጭምድድ ያለ ሆኖ ይገባል፣ በሌላ በኩል ደርቆና ልሙጥ ሆኖ ይወጣል፤ በመሀል የእሷ እጅ አለ። ከክርኗ በታች ትንንሽ የቃጠሎ ጠባሳዎች ተደርድረዋል። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ጠባሳዎቹን አንድ በአንድ እያሳየች «ይቺ የመጀመሪያ ዓመቴ ናት፣ ይቺ ደግሞ ከባሌ ጋር የተኳረፍን ቀን» እያለች ታስቃለች። ታስቅ ነበር ማለት ይሻላል።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ያውም ወሬኛ ሹፌር። ፌርማታ በደረሰ ቁጥር በመስተዋቱ ወደኋላ እያየ «ሆድ የባሰው በኋላ በር፣ የደላው በፊት በር» ይላል፤ ሰዉም እየሳቀ በኋላ በር ይጋፋል። ተሳፋሪው የአውቶቡሱን ቁጥር ሳይሆን እሱን ይጠብቅ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ማታ ቤት ሲገባ የቀኑን ወሬ ሙሉውን ለሚስቱ ይዘረግፍላታል። እሷ ደክሟት ዓይኗ ሲከደን እንኳ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጎ «መጨረሻውን ሳትሰሚ?» ይላታል። ያኔ ይሰለቻት ነበር። ይሄንን አሁን ስታስታውስ ምላሷን ትነክሳለች።

ከአሥራ አራት ወር በፊት፣ አንድ ጠዋት የጫማውን ክር እያሰረ ሳለ ወደ ቀኝ ዘመመና እዚያው ቀረ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል አሏት። ነፍሱ ተረፈች። ቀኝ እጁ ሰለለ፣ ቀኝ እግሩን እየጎተተ ቀረ፣ ቋንቋው ደግሞ ከአንዲት ቃል በስተቀር ጥርግ ብሎ ጠፋ። የተረፈችውም ቃል «እንትን» ናት።

ከስንቱ ቃል መሀል እንትን። ውሃ ሲጠማው እንትን፣ ሽንቱ ሲመጣ እንትን፣ ሲናደድ እንትን እንትን እንትን። እሷም ፊቱ ላይ ተደፍታ «ውሃ ነው? ትራሱ ነው? ብርድ ልብስ ላምጣ?» እያለች የቤቱን ዕቃ ሁሉ ስትቆጥር ትቆይና፣ ትክክለኛው ላይ ሳትደርስ እሱ ተስፋ ቆርጦ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በስሟ የጠራት ሰው አሁን እሷንም የሚጠራት «እንትን» ብሎ ነው። ሐኪም ቤት ያለችው የንግግር ባለሙያ ነገሩን ሳታለባብስ ነግራታለች። ቃል የሚመለሰው ሰውየው ቃሉን ሲፈልገው ነው፤ የሚያስፈልገው ነገር ፈልጊለት። ይሄ ደግሞ ጊዜ አለው፤ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ የቀረው ቀረ።

ስለዚህ ተኳሿ አሥር ወር ቀርቷት ነበር፤ የምትፈልገውም አንድ ነገር ነው። አንድ ቀን፣ አንዴ ብቻ፣ ቀና ብሎ አይቷት ለእሷ የተባለ ቃል እንዲናገር። ስሟ ቢሆን ደስታዋ፤ ባይሆን ስድብም ቢሆን።

ሬዲዮ ከፈተችለት። የድሮ የሥራ ባልደረቦቹን ጠራችለት፤ መጥተው ሻይ ጠጡ፣ ጮክ ብለው አናገሩት፣ ደንቆሮ ይመስል። በሁለተኛው ወር መምጣታቸውን ተዉ። ከዚያ አንድ ቀን ማሽኑ ፊት ቆማ አንሶላ ስትስብ ውሻ ትዝ አላት። ባሏ በአውቶቡሶቹ ማደሪያ ግቢ አንድ ባለቤት የሌለው ውሻ ለዓመታት ይቀልብ ነበር፤ ከራሱ ዳቦ እየቆረሰ። ሊያመጣው ሲለምናት «ወይ እኔ፣ ወይ ውሻው» ብላ ድርቅ ብላበታለች። ያ ውሻ ከሞተ ቆይቷል። ቢሆንም ነገሩ አንጀቷን በላት።

«ውሻ?» አለች እህቷ ስትሰማ። እህቷ በስድስት ዓመት ትበልጣታለች፤ አፏ ደግሞ በሃያ። «ድሮ ወሬው አላስተኛሽም፣ አሁን ዝምታው አላስተኛሽም፤ አሁን ደግሞ ጩኸት ልትጨምሪበት? አንቺ እንቅልፍ ምን አድርጎሻል?»

«እትዬ፣ ሌላ ምን ልሞክር? ንገሪኝና ልሞክረው።»

እህቷ «እሺ፣ ሂጂ» አለች። ይሄ ደግሞ በዓመት አንዴም የማይሆን ነገር ነው።

የእንስሳቱ መጠለያ ከከተማው ዳር፣ ከእንጨት መሸጫው ኋላ ነው። መጠለያ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስል፤ በሽቦ የታጠሩ ዘጠኝ ክፍሎች፣ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን፣ የድመት ቤት የተደረገ አሮጌ የጭነት መኪና ሣጥን፣ አለቀ። ያቋቋሙት ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ሁሉም «ሲስተር» ይላቸዋል። ሲስተር አርባ ዓመት በሆስፒታል የሠሩበትን ልማድ ወደ ውሾቹም ይዘውት መጥተዋል፤ በእያንዳንዱ ክፍል በር ላይ እንደ በሽተኛ አልጋ ካርድ ይሰቀላል። ካርዱ ላይ በትልቁ የውሻው ስም፣ ከሥሩ በደቃቁ የተወጋው መርፌና የሚወስደው መድኃኒት።

የዚያን ቀን ሲስተር መድኃኒት ሊገዙ ወጥተዋል። የነበሩት ባለቤታቸው ናቸው፤ ባልዲ ያንጠለጠሉ፣ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ያለ ሽማግሌ። ሥራቸው ማብላት ነው፤ ካርድ የማንበብ ሥራ የሚስታቸው ነው።

«ትልቅ ነው የምፈልገው ጋሼ» አለቻቸው ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ። «ሰው ሊደገፈው የሚችል።»

«ትልቅማ ሞልቷል ልጄ። ትልቅ ማን ይወስዳል? የሚፈለገው ትንሹ ነው።»

ድቡ፣ ዳማ፣ ነጮ የሚል ካርድ ያላቸውን አለፈች። ሁሉም ሽቦውን እየቧጠጡ እንደ ጉድ ይጮሃሉ። ሰባተኛው ክፍል ውስጥ ግን የሰማይ ስባሪ የሚያክል ቡናማ ውሻ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ጭንቅላቱ የድስት ክዳን ያህላል፣ ጆሮዎቹ ወርደዋል፣ ዓይኑ የሰው ነገር የሚሰማ ይመስላል። ካርዱ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በትልቁ፣ አንድ ቃል ተጽፏል። ሌላ ምንም የለበትም።

«ይቆይ» ብላ አነበበች።

ውሻው ቀና አለ።

«ስሙን ያውቃል» አለች ለሽማግሌው።

«በጣም ብልህ ነው እንጂ» አሉ፤ እሳቸውም ስሙን የሰሙት ያን ጊዜ ነው። «ይቆይ። ጥሩ ስም ነው። ዕድሜ ይስጠው ብላ ይሆናል ያወጣችለት።»

ተኳሿ በስም አታምንም ነበር። የዚያን ቀን ግን ቤቷ ውስጥ ያለው ሁሉ እየሄደባት፣ ይቆይ የሚባል ነገር ይዛ መግባት ደግ ምልክት መስሎ ታያት። ሽማግሌው የሰጧትን ቅጽ እዚያው ባልዲው ላይ አስደግፋ ሞላች። የውሻው ስም፦ ይቆይ። አድራሻ። ስልክ የሚለው ላይ እጇ ራሱ የባሏን ቁጥር ጻፈ፤ ለዓመታት የቤቱ ስልክ የእሱ ስለነበር ሌላ ቁጥር አልመጣላትም። ያ ስልክ ከአሥራ አራት ወር ወዲህ መሳቢያ ውስጥ ተዘግቶ ተኝቷል። ይሄ ትዝ ያላት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

በመንገድ ላይ ውሻው ገመዱን አልሳበም፤ ከጎኗ እየተራመደ የግራ የፊት እግሩን ትንሽ ቀስ አድርጎ ያሳርፍ ነበር። እርጅና ነው አለች። ቤቷ ወዳለበት ሁለተኛ ፎቅ ሲወጡ ደረጃው መሀል ላይ ሲቆምባት ከኋላ ሆና ገፋችው። ከታች ያለችው ጎረቤት በሯን ከፍታ «ጥጃ ነው?» አለች። ተኳሿም «የለም፣ ባሌን የሚያናግር ነው» ብላ አለፈች።

ሹፌሩ መስኮቱ አጠገብ ወንበሩ ላይ ነበር። ውሻው ማንንም ሳይጠይቅ ሄዶ ያን የድስት ክዳን የሚያህል ጭንቅላቱን በሰለለው እጅ ላይ አሳረፈ። ሹፌሩ እጁን አየ፣ ውሻውን አየ።

«እንትን» አለ።

አራት ቀን ምንም አልሆነም። በአምስተኛው ቀን ተኳሿ ጓዳ ገብታ ሩዝ ስታጥብ ከወዲያ አንድ ድምፅ ሰማች። ቧንቧውን ዘጋችና ቆመች።

«ና» አለ ድምፁ።

የባሏ ድምፅ ነው። አልተንተባተበም፣ አልጎተተም፤ ፌርማታ ላይ የሚጣራበት ድምፅ ነው። ከዚያ የውሻው ጥፍር ወለሉ ላይ ሲንኳኳ ተሰማ። ተኳሿ ሽርጧን አፏ ውስጥ ወትፋ እቃ ማጠቢያው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ወጥታ ብታየው ቃሉ የሚበርበት መስሏት እዚያው ቆየች፤ ሩዙም ውሃ ጠጥቶ አበጠ።

ከዚያ ወዲያ ቃላቱ አንድ አንድ እያሉ መጡ። ና፣ ቁጭ በል፣ ተው፣ በቃ፣ ጎሽ። አምስት ናቸው። ሰውየው ከወንበሩ ተነሣ። በግራ እጁ የውሻውን ጀርባ ተደግፎ መጀመሪያ እስከ በሩ፣ ቀጥሎ እስከ ደረጃው፣ በሦስተኛው ሳምንት እስከ ዳቦ ቤቱ ጥግ ደረሰ። የሰፈሩ ሰው ወጥቶ አየ። ዳቦ ቤት ያለው ሰውዬ «ሹፌር፣ ዛሬ ስንት ተሳፋሪ ጫንክ?» ሲለው ሹፌሩ ውሻውን በአገጩ አሳየና ሳቀ። ሳቁ በአንድ በኩል የተጣመመ ቢሆንም ሳቅ ነው።

ለእሷ ግን ያው እንትን ናት። ለውሻው አምስት ቃል፣ ለሚስት እንትን።

እህቷ ይሄን ስታይ እጅጌዋን ሰብስባ ልታስተምረው ተቀመጠች። «እየው፣ እሷን ተመልከት። ነይ በላት። ና ያለ አፍ ነይ ማለት ያቅተዋል? ያንኑ ነው የምትለው፣ ሴት አድርገህ። እስቲ፣ ነ…ይ።»

ሹፌሩ ሚስቱን አያት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ፣ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ። «እን…» አለ። «እንትን።» ዓይኑ እንባ ሞላ፤ በግራ እጁ ጭኑን መታ።

«ተይው እትዬ» አለች ተኳሿ። «በሞቴ ተይው።»

በውሻው ቀናች። ይሄን ለማንም አልተናገረችም፤ ለራሷም ቢሆን አንሶላ እየሳበች፣ እንፋሎቱ ፊቷን ሲሸፍነው ብቻ ነው የምታምነው። ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው፣ በውሻ ቀንታለች። ወዲያው ደግሞ ራሷን ትገሥጻለች። ቀስ ይላል። ና ካለ ነይ ይከተላል። ይቆይ እያለ ምን አስቸኮለሽ ትላለች።

ልክ በስድስተኛው ሳምንት ሲስተር የልብስ ማጠቢያው ቤት በር ላይ ቆመው ተገኙ። በቅጹ ላይ ያለውን ስልክ ሲደውሉ ሲደውሉ ዝግ ነው፤ አድራሻው ላይም ሁለቴ ሄደው በር አንኳኩተዋል፣ ሹፌሩ ከውስጥ የሚጮኸውን ውሻ «በቃ» ይለዋል እንጂ የሚከፍት አልተገኘም። በመጨረሻ ባለቤታቸው «ልብስ ነው የምተኩሰው ያለች መሰለኝ» ስላሏቸው በከተማው ያለውን የልብስ ማጠቢያ ሁሉ ሲያስሱ ሰንብተዋል። ተኳሿ እጇን ሽርጧ ላይ እየጠረገች ወጣች።

«ያ ቡናማው ውሻ እርስዎ ዘንድ ነው?» አሉ ሲስተር።

«ይቆይ? አለ፣ ደህና ነው። ምነው?»

ሲስተር ዓይናቸውን ለአፍታ ጨፈኑ። «እመቤቴ፣ ስሙ ይቆይ አይደለም። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ይቆይ ያልኩት ይቆይ ለማለት ነው፤ እንዳይሰጥ። ውጤት እየጠበቅን ነበር። ስም ገና አላወጣንለትም።»

ተኳሿ ቃሉን በልቧ አንዴ እንደ ስም፣ አንዴ እንደ ትእዛዝ ደገመችው። ፊደሉ ያው ነው። የትኛው ሰው ቢያነበው ሌላ ይላል?

«የምን ውጤት?» አለች።

«የእግሩ። ሲያነክስ አላዩም? ካንሰር ነው፣ አጥንቱ ውስጥ። ትልልቆቹ ውሾች ላይ ይበዛል። ሳንባውም ላይ ታይቷል።» ድምፃቸው የነርስ ድምፅ ነው፤ ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ነግረው የሚያውቁ። «ሁለት ወር፣ ቢበዛ ሦስት። ስሕተቱ የእኔ ነው። ልውሰደው፣ እኔ ዘንድ ይሙት። እርስዎ ይሄን ሸክም ለምን ብለው?»

«አይሆንም።»

«ያምማል እኮ፤ ለሚያየውም ያምማል።»

«ባሌ በእሱ ነው የሚናገረው» አለች ተኳሿ። ከዚያ ወዲያ የተናገረችው ሁሉ ተዘበራርቆ ወጣ፤ ደሙ፣ እንትን፣ አሥራ አራት ወሩ፣ ና።

ሲስተር ሰምተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። «ስንት ቃል አለው?»

«አምስት።»

«ለእርስዎስ?»

ከውስጥ አለቃዋ ማሽኑ ባዶውን እየዞረ ነው ብላ ተጣራች። ሲስተር ቦርሳቸውን ከፍተው የሕመም ማስታገሻ ክኒን አወጡና አወሳሰዱን እንደ ልማዳቸው ቃል በቃል ነገሯት።

ለባሏ አልነገረችውም። ምን ብላ ትነግረዋለች? ክኒኑን ዳቦ ውስጥ እየከተተች ለውሻው ሰጠች፣ ፊቷን አስተካክላ ለባሏ ሾርባ ሰጠች። ማታ ማታ አጠገቡ ተቀምጣ ስሟን በጆሮው ትደጋግምለታለች። ጠዋት ሥራ ከመሄዷ በፊት በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች፤ አንድ ነገር ይል ይሆናል ብላ። ሰዓት ትቆጥራለች። እሷ ከውሻው እግር ጋር እሽቅድምድም ይዛለች፤ እግሩ ከሳምንት ሳምንት ያብጣል፣ የባሏ ቃል ግን አምስት ላይ እንደ ቆመ ነው።

ውሻው ደረጃ መውረድ ሲያቅተው አንድ ጥጉ የተቀደደ የሆቴል አንሶላ ከሥራ ቦታ ለምና አመጣች። ደረቱ ሥር አሳልፋ ሁለቱን ጫፍ ይዛ ከላይ እየሳበች በሦስት እግሩ ታወርደዋለች። ሃያ ሁለት ዓመት እርጥብ አንሶላ የሳበ ክንድ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ይንቀጠቀጣል። ሹፌሩ የደረጃውን መደገፊያ ይዞ ከኋላ ይከተላል። «ና» ይላል። «ና… ጎሽ።» ዓይኑ ወደ ውሻው እግር ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ሚስቱ። ያውቅ ነበር። መጠየቂያ ስላልነበረው ነው እንጂ ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት ውሻው ከምንጣፉ ሊነሣ ሲል እግሩ ተሰበረ። የሲስተር ክኒን ምንም አልፈየደም። ጩኸቱን ከታች ያለችው ጎረቤት ሰምታ ወጣች፣ አየችና ተመልሳ ወረደች። ተኳሿ ለሲስተር ደወለች። ሲስተር ከአንድ የእንስሳት ሐኪም ጋር በአንድ ሰዓት ውስጥ ደረሱ። ሐኪሙ ረጅም፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው፤ እግሩን ከነካ በኋላ ወደ ተኳሿ ቀና ብሎ «ከዚህ በኋላ መጠበቅ ጭካኔ ነው» አላት።

ሹፌሩ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ማንም ሳይደግፈው፣ ወለሉ ላይ ወረደ። ከታመመ ወዲህ ወለል ላይ ተቀምጦ አያውቅም። የውሻውን ጭንቅላት ጭኑ ላይ አደረገ። ውሻው ሊነሣ ሲታገል «ቁጭ በል» አለው ቀስ ብሎ፤ ውሻውም ተወ። ከዚያ ሹፌሩ መርፌውን አየ።

«ተው» አለ።

ለውሻው አይደለም። ሐኪሙን እያየ ነው።

በአሥራ ሰባት ወር ውስጥ ባሏ ለሰው የተናገረው የመጀመሪያው ቃል ነው፤ ትክክለኛ ቃል፣ በትክክለኛ ቦታው።

«ተው» አለ እንደገና፤ ግራ እጁን ዘረጋና የሐኪሙን አንጓ ያዘ። «ተው። ተው። ተው።»

ሐኪሙ እሷን አያት። ሲስተርም አዩዋት። ውሻው ያቃስታል። ባሏም አያት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሷ አንድ ነገር ሲለምን ምን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ውሃ አይደለም፣ ትራስ አይደለም። እንደዚያ ስትናፍቀው የኖረችው ቃል መጥቶ ቆሞባታል።

ተንበረከከች። ጣቶቹን ከሐኪሙ አንጓ ላይ አንድ በአንድ ፈታች። አልበረታባትም፤ ግራ እጁ ብቻ ነው ያለው። እጁን በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘችና ራሷን ነቅንቃ ለሐኪሙ ምልክት ሰጠችው።

የውሻውን ሬሳ በዚያው ባወረደችበት አንሶላ ጠቅልለው ወሰዱት። ሲስተር በሩ ላይ «ትክክል ነው ያደረጉት» አሏት። ተኳሿ «አውቃለሁ» አለች። ማወቁ ምንም አልረዳትም።

ከዚያ ወዲያ ሹፌሩ ለዘጠኝ ቀን ወደ በሩ እየተመለከተ «ና» አለ። ጠዋት ና፣ ከሰዓት ና። እህቷ መጥታ ይሄን ስትሰማ ቀልድ አልመጣላትም፤ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ተመለሰች። በአሥረኛው ቀን ዝም አለ። እንትንም ቀረች። ውሃ ሲጠማው አይጠይቅም፤ ካመጣችለት ይጠጣል፣ ካላመጣችለት ይተወዋል። ዳቦ ቤቱ ጥግ ድረስ የሄደው እግር ከአልጋ እስከ ወንበር መሄድ እንኳ ሞት ሆነበት። ፊቱን ወደ ግድግዳው ሲያዞር ተኳሿ አታዞረውም። በልቧ የምትለው አንድ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ተው አለኝ፣ አልሰማሁትም፤ ለምን ብሎ ይናገራል?

እንዲህ ሆኖ ሰባት ወር አለፈ፤ ሐኪም ቤት ስትወስደው የንግግር ባለሙያዋ ሥዕል አሳየችው፣ ዘፈን አሰማችው፣ እንዲጨርሰው የሳምንቱን ቀናት መቁጠር ጀመረችለት። በመጨረሻ ደብተሯን ዘጋች። «ሁለት ዓመት ሞልቶታል» አለች፤ ሌላ ነገር መጨመር ሳያስፈልጋት። በመመለሻቸው አውቶቡስ ውስጥ ከአንድ ወጣት ሹፌር ኋላ ተቀመጡ። ወጣቱ ሹፌር አንድም ቃል ሳይናገር በሩን እየከፈተ እየዘጋ ነዳ። ባሏ በመስኮት ያይ ነበር፤ ምን እንደሚያይ አልጠየቀችውም።

ከወር በኋላ፣ አንድ ተራ ማክሰኞ፣ ከሥራ ስትገባ ጫማዋን በሩ ላይ አወለቀች። እግሯ አብጧል፤ ቀኑን ሙሉ የክሊኒክ አንሶላ ነበር፣ የክሊኒክ አንሶላ ደግሞ ይከብዳል። ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ነው። ፊቱ ወደ ግድግዳው አልነበረም። ወደ እሷ ነበር።

«ና» አለ።

ተኳሿ ወደ ኋላዋ ዞራ አየች። በሩ ተዘግቷል። ማንም የለም።

«ና» አላት እንደገና፣ ዓይኗ ውስጥ እያየ። ነይ አይደለም። ና።

ለማረም አፏን ከፈተች። ነይ በለኝ፣ ሴት ነኝ፣ ሚስትህ ነኝ፣ ስሜ እንዲህ ነው ልትለው ነበር። ግንባሩ ላይ ያ ላብ ችፍ ሲል አየችና አፏን መልሳ ዘጋችው። ሰውየው ያለው ይሄው ነው፤ ከዚህ ሌላ የሚመጣ የለም። አሁን ገባት፣ እስከ አጥንቷ ገባት፤ ከዚህ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው በዚህ ቤት ውስጥ የሚነገረው እነዚህ አምስት ቃላት ብቻ ናቸው፤ አንዱም የእሷ አይደለም።

ሄደችለት። አጠገቡ ስትደርስ በግራ እጁ ወለሉን አሳያት።

«ቁጭ በል» አላት።

ጉልበቷ እየተንቋቋ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። እጁ ጭንቅላቷ ላይ አረፈ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አሻሸ፣ ከጆሮዋ በስተኋላ ቆመ። ተኳሿ ፊቷን ጉልበቱ ውስጥ ቀብራ ስታለቅስ፣ እሱ ከላይ ሆኖ ቀስ ብሎ «ጎሽ» አላት።